የሞት ፍርሃትና ያልደረሰ ምኞት በሮማንቲክ ግጥም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሄዳሉ፤ ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሮማንቲክ ግጥም ማለት የፍቅር ግጥም ነው?

አይደለም። ፍቅር አለበት፤ ስሙን ያገኘው ግን ከዚያ አይደለም። ከ1790ዎቹ ጀምሮ በጀርመንና በእንግሊዝ፣ ቀጥሎም በጣሊያንና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች የተነሳ የሥነ ጽሑፍ እንቅስቃሴ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ትውልድ ልኩን የጠበቀ፣ ብልሃት ያለው፣ ጨዋ ግጥም ይወድ ነበር። እነዚህኞቹ ሰው ብቻውን ሲሆን የሚሰማውን፣ ሕልሙን፣ ተፈጥሮንና ያለፈውን ዘመን ይዘው መጡ።

ስለዚህ ሮማንቲክ የተባለ ግጥም ከፍታችሁ አንዲትም የፍቅር ቃል ብታጡ አትገረሙ። ተራራ፣ ወፍ፣ የፈረሰ ግንብ ወይም መቃብር ልታገኙ ትችላላችሁ።

ታዲያ ለምን ስለ ሞት እንዲህ ያበዛሉ?

አንደኛው ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሞት ከቤታቸው አይጠፋም ነበር። እንግሊዛዊው ገጣሚ ጆን ኪትስ በ25 ዓመቱ ሞተ። ጀርመናዊው ኖቫሊስ በ28። እንግሊዛዊው ሼሊ 30 ሊሞላው አንድ ወር ሲቀረው ባሕር ላይ ሰጠመ። ሌላው እንግሊዛዊ ባይረን በ36፣ ጣሊያናዊው ሌኦፓርዲ በ38። ኪትስን፣ እናቱንና ታናሽ ወንድሙን የጨረሳቸው ሳንባ ነቀርሳ ነው። የበሽታውን ባክቴሪያ ሮበርት ኮክ ለዓለም ያሳወቀው በ1882 ነው። ፍቱን መድኃኒት የተገኘለት ደግሞ በ1940ዎቹ። በእነ ኪትስ ዘመን ሐኪም ደም ያፈሳል፣ ምግብ ይቀንሳል፣ "ሞቅ ወዳለ አገር ሂድ" ይላል። ከዚያ ወዲያ የሚያደርገው ነገር አልነበረውም።

ይህ ብቻውን ግን በቂ መልስ አይሆንም። ሰው ከእነሱ በፊትም በወጣትነቱ ይሞት ነበር። ለውጡ ያለው የሚፈሩት ነገር ላይ ነው። ቀደም ያለው ሃይማኖታዊ ግጥም በአብዛኛው የሚጨነቀው ለነፍስ ነው፤ ከሞት በኋላ ስለሚጠብቃት ፍርድ። ኪትስና መሰሎቹ የሚጨነቁት ሳይሠሩት ለሚቀር ነገር ነው። ያልተጻፈ መጽሐፍ፣ ያልተነገረ ፍቅር፣ ያልታየ አገር። የሞት ፍርሃቱና ያልደረሰው ምኞት ሁለት ርዕስ ይመስላሉ እንጂ አንድ ናቸው። ምኞት የሌለው ሰው እንዲህ ያለ ፍርሃት አይፈራም።

በዚህ ርዕስ ሁልጊዜ የሚነሳው ኪትስ ማን ነው?

በ1795 ለንደን ውስጥ ተወለደ። አባቱ የፈረስ ማቆያና ማከራያ ያስተዳድር ነበር። ጆን የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ከፈረስ ወድቆ ሞተ። እናቱ በ1810 ስትሞት 14 ዓመቱ ነበር፤ አልጋዋ አጠገብ ሆኖ ያስታመማት እሱ ነው። ከዚያ መድኃኒት ቀማሚም ቀዶ ሐኪምም ለሆነ ሰው በተለማማጅነት ተሰጠ። በ1815 ለንደን ወደሚገኘው ጋይስ ሆስፒታል ገባ፤ በ1816 ፈቃዱን አገኘ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ሥራው የቀዶ ሐኪሞች ረዳት መሆን ነበር። ቁስል ያስራል፣ ቀዶ ጥገና ላይ ያግዛል። ማደንዘዣ በቀዶ ጥገና ላይ የዋለው ከዚያ 30 ዓመት ቆይቶ ነው። እግሩ የሚቆረጠው ሰው ነቅቶ፣ እየጮኸ ነው የሚቆረጠው። ኪትስ ይህን በዓይኑ ያየ ሰው ነው። ስለ ሞት ሲጽፍ ከመጽሐፍ የቃረመውን አይደለም የሚነግረን።

ፈቃዱን ይዞ ሕክምናውን ተወው፤ ገጣሚ ሊሆን። ሦስት መጻሕፍት አሳተመ፤ በ1817፣ በ1818 እና በ1820። ገዢ ግን እምብዛም አላገኙም።

ሁሉም የሚጠቅሰው የኪትስ ሶኔት ምን ይላል?

ሶኔት አሥራ አራት ስንኝ ያለው ግጥም ነው። ይህኛው ርዕስ የለውም፤ የሚታወቀው በመጀመሪያው ስንኝ ነው፤ ሐሳቡም "መኖሬ ሊያከትም ይችላል የሚል ፍርሃት ሲይዘኝ" የሚል ነው። ኪትስ በጥር 1818 ጻፈው፤ በወሩ መጨረሻ ለጓደኛው ለሬኖልድስ በደብዳቤ ላከው። በሕይወት እያለ አልታተመም። አንባቢ እጅ የገባው በ1848 ነው፤ ከሞተ ከ27 ዓመት በኋላ።

አሥራ አራቱም ስንኝ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ነው። ሦስት ጊዜ "ሲሆን" ይላል፣ ከዚያ "ያኔ"። የመጀመሪያው "ሲሆን" ስለ ሥራ ነው። አእምሮዬ የደረሰ አዝመራ ነው፤ ብዕሬ ሳይቃርመው፣ የተከመሩ መጻሕፍት እንደ ጎተራ ሳይሞሉ ብሞትስ? ይላል። እርሻ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ማብራሪያ አይፈልግም። የሚያሳዝነው አዝመራው መድረሱ ነው። ዘሩ ባይበቅል ኖሮ ሌላ ነገር ነበር። በቅሎ፣ አሽቶ፣ ቢጫ ሆኖ ቆሟል፤ አጫጁ ግን ላይመጣ ይችላል። እርሻውም አዝመራውም አጫጁም አንድ ሰው ነው።

ሁለተኛው ስለ ሌሊት ሰማይ ነው። ከዋክብት መሀል ደመናው የአንድ ትልቅ ታሪክ ምልክት ሆኖ ይታየዋል። ጥላውን እንኳን ለመንደፍ አልደርስም ይላል። እዚህ አንድ የሚዘለል ነገር አለ። ያንን ታሪክ የሚነድፈው "የዕድል ምትሃተኛ እጅ" ነው ይላል። ማለትም ዕድሜ ቢሰጠው እንኳን ግጥሙ መምጣቱን እርግጠኛ አይደለም። ፍርሃቱ ድርብ ነው።

ሦስተኛው ስለ ሴት ነው። "የአንዲት ሰዓት ፍጡር" ይላታል። ዳግመኛ አላያትም፣ ሳያሰላስሉ የሚወዱትን የዋህ ፍቅር አላጣጥምም ይላል። አሁን ስንኞቹን ቁጠሩ። ሥራው አራት ስንኝ ወሰደ። ሰማዩ አራት ስንኝ ወሰደ። የፍቅሩ ግን አራት አልሞላም። "ያኔ" የምትለው ቃል በ12ኛው ስንኝ መሀል ላይ ገብታ ቆረጠችው። ያለ ጊዜው መቀጨትን የሚያወራ ግጥም የራሱን ክፍል ያለ ጊዜው ይቀጫል። ሆን ብሎ ይሁን አይሁን ልንከራከር እንችላለን። እኔ ሆን ብሎ ነው ባይ ነኝ።

ከዚያ መደምደሚያው ይመጣል። በሰፊው ዓለም ዳርቻ ብቻዬን ቆሜ አስባለሁ፤ ፍቅርና ዝና ወደ ባዶ እስኪሰጥሙ ድረስ። ይኸው ነው።

ሲጽፈው ሞቱ እንደቀረበ ያውቅ ነበር?

አያውቅም። ብዙ ሰው ግጥሙን እንደ ትንቢት ያነበዋል፤ ጊዜው ግን አይገጥምም። ሲጽፈው 22 ዓመቱ ነበር። በዚያው ዓመት በጋ ስኮትላንድን በእግሩ ዞሮ የብሪታንያን ከፍተኛ ተራራ ቤን ኔቪስን ወጥቷል። የታመመው ታናሽ ወንድሙ ቶም ነው፤ ታኅሣሥ 1 ቀን 1818 በ19 ዓመቱ ሞተ። ቶምንም ያስታመመው ኪትስ ነው።

ያወቀበት ቀን ሌላ ነው፤ የካቲት 3 ቀን 1820። በብርድ ሌሊት በሠረገላ ውጭ ተቀምጦ ከለንደን መሀል ወደሚኖርበት ሰፈር ወደ ሃምፕስቴድ መጣ። አልጋ ውስጥ ሲገባ አሳለ። ጓደኛው ቻርልስ ብራውን ሻማ እንዲያመጣለት ጠየቀ፤ አንሶላው ላይ ያለችውን ጠብታ አየ። የደሙን ቀለም አውቀዋለሁ አለ፤ የደም ወሳጅ ቧንቧ ደም ነው፤ የሞት ፍርዴ ነው። ይህን የሚለው የተማረ ሰው ነው። ምርመራውን ራሱ አደረገ፣ ውጤቱንም ራሱ አነበበ።

ትንቢት ነው ማለት ግጥሙን የሚያሳንሰው ይመስለኛል። ትንቢት ከሆነ የአንድ ዕድለ ቢስ ወጣት ጉዳይ ብቻ ይሆናል። ጤነኛ ሰው በተራ የክረምት ቀን ተነስቶ "ጊዜ ባይበቃኝስ?" ካለ ግን ጉዳዩ የማንም ነው።

"የአንዲት ሰዓት ፍጡር" የተባለችው በኋላ ያጫት ፋኒ ብሮን ናት?

አይደለችም። ፋኒን ያወቃት ሶኔቱን ከጻፈ ወራት በኋላ፣ በ1818 መጨረሻ ገደማ ነው። የሶኔቷ ሴት ከዓመታት በፊት ለንደን ቮክስሆል መናፈሻ ውስጥ ለአፍታ ያያት ናት ይባላል። ስሟ አይታወቅም፤ ግጥሙም ስሟን አይፈልግም።

የፋኒ ነገር ግን ለብቻው የሚወራ ነው። ከ1819 ጀምሮ እሷና ቤተሰቧ፣ እሱና ብራውን ሃምፕስቴድ ውስጥ በአንድ ግቢ፣ ግድግዳ ተጋርተው ይኖሩ ነበር። ተጫጩ። ገንዘብ ግን የለም፤ ቀጥሎ በሽታው መጣ። በሐምሌ 1819 በጻፈላት ደብዳቤ በእግር ስሄድ የማሰላስላቸው ሁለት ቅንጦቶች አሉኝ ይላል፤ ውበትሽና የሞቴ ሰዓት። ይህ የተጻፈው ደሙን ከማየቱ በፊት ነው፤ ትንሽ ወጣትነት፣ ትንሽም ጀብደኝነት አለበት። በኅዳር 1820 ከኔፕልስ ለብራውን የጻፈው ግን ጀብዱ የለበትም። መሞትን እችለዋለሁ፤ እሷን ትቶ መሄድን ግን አልችልም ይላል።

ሮም ሳለ የእሷ ደብዳቤዎች ሲደርሱት ለመክፈት አቅም አጣ። ሳይከፈቱ አብረውት ተቀበሩ። እሷ በ1833 አገባች፤ በ1865 ሞተች። እሱ ለእሷ የጻፋቸው በ1878 ሲታተሙ አንባቢው የወረደው በእሷ ላይ ነው፤ ልበ ደንዳና፣ ለእሱ የማትገባ ተባለች። ለኪትስ እህት የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች በ1930ዎቹ ሲወጡ ነው ስሟ የተመለሰላት። ስድስት አሥርት ዓመት ሙሉ በሐሜት!

ኪትስን የገደለው የተቺዎች ጽሑፍ ነው?

አይደለም፤ የገደለው ሳንባ ነቀርሳ ነው። በ1818 ሁለት መጽሔቶች ክፉኛ ተሳድበውበታል፤ አንደኛው "ወደ ክኒንና ቅባትህ ተመለስ" እስከማለት ደርሷል። ሼሊ በ1821 በጻፈለት የኀዘን ግጥም ተቺዎቹን ገዳይ አደረጋቸው፤ ባይረን ደግሞ ነገሩን ቀልድ አደረገው። ወሬው ከዚያ ወዲህ አልሞተም። ኪትስ ራሱ ግን ስድቡ በወጣበት መከር ለወንድሙ ሲጽፍ፣ ከሞትኩ በኋላ ከእንግሊዝ ገጣሚዎች ተርታ እቆጠራለሁ ብሎ ነበር።

ሞትን ከፈራ፣ በሌላ ግጥሙ ለምን ይመኘዋል?

ጥያቄው የሚነሳው በግንቦት 1819 ከጻፈው የሌሊት ወፍ ዘማሪት ግጥም ነው። (የሌሊት ወፍ አላልኩም፤ በሌሊት የምትዘምር ትንሽ ወፍ ናት።) እዚያ ላይ በምቹ ሞት በከፊል እንደተያዘ፣ በእኩለ ሌሊት ያለ ሕመም ማክተም ከመቼውም ይልቅ አሁን ያማረ እንደሚመስለው ይናገራል። ከአንድ ዓመት ከአራት ወር በፊት "ብሞትስ" ብሎ የተንቀጠቀጠው ሰው ነው ይህን የሚለው።

"በከፊል" የምትለዋን አትለፏት። ቶም ከሞተ ገና አምስት ወር ነው፤ ግጥሙ ውስጥም ወጣት የሚገረጣበት፣ እንደ ጥላ ከስቶ የሚሞትበት ዓለም ብሎ ያነሳዋል። ደክሞታል። የሚመኘውም ያቺ ቅጽበት እንዳታልፍ ነው፤ ሙዚቃው ጫፍ ላይ ሳለ ሁሉ ነገር እንዲቆም። ወዲያው ግን ያስተውላል። እኔ ብሞት ወፏ መዝፈኗን አትተውም፤ እኔ ግን አልሰማም፤ አፈር ሆኛለሁ። ምኞቱ ራሱን አፈረሰ። ሞትን ለመመኘት ያበቃው ዘፈን፣ ሞቶ የሚያጣው የመጀመሪያው ነገር ነው።

ስለዚህ ሁለቱ ግጥሞች የሚጣሉ አይመስለኝም። በሁለቱም ውስጥ ያለው ስስት ነው። በአንዱ ጊዜ ጨምሩልኝ ይላል፤ በሌላው ይቺን ጊዜ አቁሙልኝ።

ያልተሟላ ናፍቆት እንዴት ይወደሳል? ቢሟላ አይሻልም?

በጣም የሚያከራክረው ይሄ ነው። ኪትስ በዚያው በ1819 በጥንታዊ የግሪክ ማሰሮ ላይ ስለተቀረጹ ሰዎች ጻፈ። አንድ ወጣት ልጅቷን ሊስም ተጠግቷል፤ ግን ተቀርጿልና መቼም አይደርስም። ኪትስ አትዘን ይለዋል። አትስማትም፤ እሷም ግን አታረጅም፤ አንተ ሁልጊዜ ትወዳለህ፣ እሷ ሁልጊዜ ታምራለች። የሚሰማ ዜማ ጣፋጭ ነው፣ ያልተሰማው ይበልጣል ይላል።

ያምራል። ግን ሙሉ በሙሉ አምኖበታል? እኔ እጠራጠራለሁ። ጥቂት ወረድ ብሎ ለመሥዋዕት የወጡትን ሰዎች ያይና ከተማቸውን ያስባል፤ ሰው የሌለበት፣ ለምን እንደተለቀቀ የሚናገር ተመላሽ እንኳን የማያገኝ፣ ለዘላለም ጭር ያለ ከተማ። መጨረሻ ላይ ማሰሮውን ቀዝቃዛ ብሎ ይጠራዋል። የማያልቅ ናፍቆት ዋጋው ይሄ ነው፤ አያረጅም፣ አይሞቅምም።

ሌሎቹ ከእሱ ገፍተው ሄደዋል። ኖቫሊስ እጮኛው ሶፊ በ1797፣ 15 ዓመት በሞላት በሁለተኛው ቀን ሞተችበት። ከዚያ በ1800 በታተሙት የሌሊት መዝሙሮቹ ሞትን ወደ እሷ መመለሻ በር አደረገው፤ ብርሃንን ትቶ ሌሊትን አወደሰ። ባላለቀ ልቦለዱ ውስጥ ያለችው ሰማያዊ አበባም የዚህ ሁሉ ናፍቆት ምልክት ሆና ቀርታለች። አድናቂዎቹ የማይወዱት አንድ እውነት አለ። ሶፊ ከሞተች ሁለት ዓመት ሳይሞላ ከሌላ ሴት ጋር ተጫጭቷል። ይህ ያሳንሰዋል አልልም፤ ግጥምና ኑሮ በአንድ ሰዓት እንደማይሄዱ ግን ያሳያል።

በእነዚህ ግጥሞች ውስጥ ኢትዮጵያ አለች የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ያውም ቁልፍ ቦታ ላይ። እንግሊዛዊው ገጣሚ ኮልሪጅ በ1816 ባሳተመው የኩብላይ ካን ግጥም የቻይናው ገዢ ቤተ መንግሥት ሲገነባ እናያለን። መጨረሻው ላይ ግን ባለ ዜማ መሣሪያ የሆነች ሐበሻ ልጅ ትመጣለች። በሕልሜ አየኋት፤ ስለ አቦራ ተራራ ትዘፍን ነበር፤ ዜማዋን መልሼ ባገኘው ኖሮ ያንን ቤተ መንግሥት በአየር ላይ እሠራው ነበር ይላል። አላገኘውም። ግጥሙ ሊይዘው ያልቻለው ነገር የእሷ ዘፈን ነው። ኮልሪጅ በእጁ በጻፈው ቅጂ ላይ ተራራው "አማራ" ተብሎ ይነበባል። ይህ አውሮፓውያን የነገሥታት ልጆች ተዘግተው ስለሚያድጉበት አምባ ከሰሙት ወሬ የመጣ ነው፤ የእኛው አምባ ግሸን መሆኑ ነው። እንግሊዛዊው ገጣሚ ሚልተን በ1667 ከገነት ጋር አነጻጽሮ ጠቅሶታል። ኮልሪጅም የስኮትላንዳዊውን ተጓዥ የጄምስ ብሩስን የኢትዮጵያ ጉዞ መጽሐፍ ያነበበ ሰው ነው። ክራር ወይም በገና ቢያስይዛት ደስ ይለን ነበር፤ እሱ ግን በእንጨት የሚመታ የአውሮፓ መሣሪያ ነው የሰጣት።

ሼሊም አለ። በ1816 በታተመው ረጅም ግጥሙ "አላስተር" ውስጥ አንድ ወጣት ገጣሚ ዓለምን ሲዞር በግብፅና በኢትዮጵያ በረሃማ ኮረብታዎች ፍርስራሽ መሀል ያድራል። አንዲት ዓረብ ልጅ ከራሷ ድርሻ ምግብ ታመጣለታለች፣ ምንጣፏን ታነጥፍለታለች፣ ሲተኛ ትጠብቀዋለች። አላያትም። ቀጥሎ ካሽሚር ውስጥ በሕልሙ ሻሽ የተሸፈነች ሴት ያያል፤ እሷን ፍለጋ ሲንከራተት ይሞታል። ምግቧን ይዛ የመጣችው ልጅ ግን እውነተኛ ነበረች። ሼሊ ይህን ያየ ይመስለኛል፤ በመግቢያው ላይም ታሪኩ ለሰዎች ትምህርት እንዳለው ይናገራል።

ሁሉም ሮማንቲክ ገጣሚዎች እንዲህ ነበሩ?

አልነበሩም። ዎርድስዎርዝ 80 ዓመት ኖሮ በ1850 ሞተ። እሱም ስለ ሞት ጽፏል፤ ሉሲ ስለምትባል ልጅ የጻፋቸው አጫጭር ግጥሞች አሉ። እዚያ ላይ ግን የሚፈራው ለራሱ አይደለም። ባይረን ደግሞ በጥር 1824 36 ዓመት ሲሞላው በጻፈው ግጥም ወጣትነትህ ከቆጨህ ለምን ትኖራለህ፣ የክብር መሞቻ ፈልግ ይላል። ሦስት ወር ቆይቶ ለግሪክ ነፃነት ሊዋጋ በሄደበት ሚሶሎንጊ በትኩሳት ሞተ፤ ጦርነት አልነካውም።

ለኪትስ በጣም የሚቀርበው በእኔ ግምት ሌኦፓርዲ ነው። በ1828 ለሲልቪያ በጻፈው ግጥም ከአባቱ ቤት ሰገነት ላይ ሆኖ ሽመና ላይ ያለች ጎረቤቱን ዘፈን ይሰማል። መጽሐፉን ትቶ ነው የሚሰማው። እሷ ዕድሜዋ ሳያብብ በበሽታ ሞተች፤ የእሱም ተስፋ አብሯት ሞተ። ልዩነቱ ሌኦፓርዲ ተፈጥሮን ይከሳል። ቃል የገባሽውን ለምን አትሰጪም? ልጆችሽን ለምን ታታልያለሽ? ይላል። ኪትስ ማንንም አይከስም።

ይሄ ሁሉ ለራስ ማልቀስ አይደለም?

አንዳንዱ ነው። በዚያ ዘመን ገርጥቶ፣ አስሎ፣ በወጣትነት መሞት እንደ ውበት የታየበት ወቅት ነበር፤ ብዙ ደካማ ግጥምም ከዚያ ወጥቷል። የሳንባ ነቀርሳን ሞት ያየ ሰው ውበት አይለውም። ኪትስም እንዲህ ብሎት አያውቅም።

ሶኔቱን ከሙሾ ጋር ማነጻጸር ይረዳል። ሙሾ የሚወርደው ለሞተ ሰው፣ ለቀስተኛ በተሰበሰበበት ነው። ይህ ገጣሚ አልሞተም፤ ያሳዘነውም ሰው የለም፤ ብቻውን ነው የቆመው። "እዘኑልኝ" የሚል ስንኝ ብትፈልጉ አታገኙም። ያለውን ሀብት ይቆጥራል፣ ምን ያህሉ ሊጠፋ እንደሚችል ያያል፣ ያበቃል።

መቃብሩ ላይ ስሙ የለም የሚባለው እንዴት ነው?

የካቲት 23 ቀን 1821 ሮም ውስጥ፣ በስፓኛ አደባባይ አጠገብ ባለ ቤት ሞተ። ያስታመመው ሠዓሊው ጓደኛው ጆሴፍ ሴቨርን ነው። ድንጋዩ ላይ "ስሙ በውሃ ላይ የተጻፈ ሰው እዚህ አርፏል" የሚል ብቻ እንዲጻፍ አዝዞ ነበር። ሴቨርንና ብራውን ተቺዎቹን የሚወቅስ ነገር ከላይ ጨመሩበት፤ ብራውን በኋላ ተጸጽቷል። የኪትስ ስም ግን ዛሬም ድንጋዩ ላይ የለም።

ይህ ትሕትና ነው ወይስ ምሬት? ከአንድ ዓመት በፊት ለፋኒ የጻፈው ብዙ ያስረዳል። ወዳጆቼ የሚኮሩበት የማይሞት ሥራ አልተውኩም፤ ጊዜ ኖሮኝ ቢሆን ግን እንድታወስ አደርግ ነበር ይላል። "ጊዜ ኖሮኝ ቢሆን" ያለው ሰው ታላላቅ ግጥሞቹን ጽፎ ጨርሷል። እሱ አያውቅም። በ1818 የፈራው የሆነበት መስሎት ነው የሞተው።

የሶኔቱ መጨረሻ ማጽናኛ ነው ወይስ ተስፋ መቁረጥ?

ሁለቱም ንባብ አለ። ፍቅርና ዝና ሲሰጥሙ ጭንቀቱም አብሮ ሰጠመ፣ ሰውየው አረፈ የሚሉ አሉ። ምንም አልቀረለትም የሚሉም አሉ። እኔ ለሁለተኛው አደላለሁ። አሥራ ሁለት ስንኝ ያህል ጎተራ፣ ከዋክብትና ቆንጆ ሴት ካየ በኋላ ባዶ ዳርቻ ላይ የቆመ ሰው ያረፈ አይመስለኝም።

ማጽናኛ የሚፈልግ ግን መስከረም 19 ቀን 1819 ዊንቸስተር ውስጥ የጻፈውን የመጸው ግጥም ያንብብ። የሶኔቱ ዕቃ ሁሉ እዚያ አለ። ጎተራው አለ፣ ቃራሚው አለ፣ አዝመራው አለ። አሁን ግን ታጭዷል፤ የሚታየው ቃርሚያው ሜዳ ነው። ደግሞ "እኔ" የሚል ቃል አንድም ጊዜ የለም። የፀደይ ዘፈን የት አለ ብሎ ይጠይቅና፣ እሱን ተይው፣ አንቺም የራስሽ ዜማ አለሽ ይላታል ወቅቷን። ሶኔቱ በፍርሃት የጠየቀውን ይህ ግጥም የመለሰው ይመስለኛል። ኪትስ እንዲህ ያለበት ቦታ የለም፤ የእኔ ንባብ ነው። ከዓመት በኋላ በኔፕልስ የጻፈው ደብዳቤ ደግሞ ሰውየው ግጥሙ የደረሰበት ሰላም ላይ እንዳልደረሰ ይናገራል። ሁለቱን አንድ ላይ አንብቧቸው።